በእኔ ፈንታ የተጸለየላት

ጎረቤቴ ደህና መሆኗ ያናድደኝ ነበር። ክፉ እንዲደርስባት ተመኝቼ አላውቅም፤ ግን ከእኔ የተሻለ ደህና የምትሆንበት ምክንያት አልነበራትም። ሁለታችንም ሜልበርን ከተማ ፍሌሚንግተን፣ አንድ ፎቅ ላይ፣ ግድግዳ ተጋርተን እንኖራለን። ሁለታችንም ማሪቢርኖንግ ባለ የአረጋውያን መጦሪያ፣ አንድ ኩሽና ውስጥ እንሠራለን። እሷንም ባሏ ጥሏት ሄዷል፣ እኔንም። የሷም ልጅ በእንግሊዝኛ ነው የምትመልስላት፣ የኔም። ሊፍቱ ሲበላሽ አሥራ አንዱን ፎቅ አብረን እያለከለክን እንወጣለን። ታዲያ እኔ ጥርሴን ሳፋጭ አድሬ መንጋጋዬን እያሸሁ ስወጣ፣ እሷ ፊቷ እንደታጠበ ሕፃን ሆኖ በሯን ትከፍታለች።

«ደህና አደርሽ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። አንቺስ?»

«ምን ማደር አለ ብለሽ ነው!»

ሐኪሙ «ስትረስ ነው» አለኝ። የጥርስ ሐኪሟ ስተኛ የምነክሰው ፕላስቲክ ሰጠችኝ። ጎረቤቴ ፕላስቲክ የላትም። ያላት ጀርባው በፕላስተር የተጠገነ የጸሎት መጽሐፍ ነው። ጠዋት ጠዋት ድምፅዋ በግድግዳው በኩል ይሰማኛል። መጀመሪያ ፈጠን ብላ ታነበንባለች፤ መጨረሻ ላይ ቀስ ትልና የሰዎች ስም ትጠራለች። አንዳንዴ ጆሮዬን ግድግዳው ላይ እለጥፍ ነበር። እኔም እኮ እጸልያለሁ! ግን የኔ ጸሎት ክስ ነበር፤ አቡነ ዘበሰማያትን ሳልጨርስ ሰው መክሰስ እጀምራለሁ።

አንድ ቀን ሾርባው ቀጠነ ብሎ ሱፐርቫይዘራችን ጮኸብን። እኔ ትሪ ጣልኩ። እሷ «ሶሪ» አለችና ካሮቷን መክተፏን ቀጠለች። ወደ ቤት ስንመለስ አውቶቡስ ውስጥ አፈጠጥኩባት።

«አንቺ ግን አትናደጂም?»

«እናደዳለሁ እንጂ» አለች። «ጠዋት ስጸልይ ለእግዚአብሔር እነግረዋለሁ። ከነገርኩት በኋላ ይዤው አልዞርም።»

ይኸው ነው? እኔ በስንት ሐኪም ያላገኘሁትን በዚህ ብቻ ልታገኘው? ቅናቱ ደረቴን አቃጠለኝ።

ሐምሌ መጨረሻ፣ የሜልበርን ብርድ አጥንት በሚሰብርበት ሰሞን፣ ፌርማታ ላይ ቆመን «ፍልሰታ እየገባ ነው፤ የክርስትና ስምሽን ንገሪኝና በጸሎት ላስብሽ» አለችኝ።

እናቴ «የክርስትና ስምሽን ማወቅ ያለበት የነፍስ አባትሽ ብቻ ነው፤ ሰው እጅ ከገባ መተት ይሠሩበታል» እያለች ነው ያሳደገችኝ። ሜልበርን ውስጥ መተተኛ እንደማይኖር አጥቼው አይደለም። ግን እኔ በልቤ ይህን ያህል እየቀናሁባት፣ እሷ በንጹሕ ልብ ታስበኛለች ብሎ ማመን ከበደኝ። አፌ ላይ የመጣውን ስም ሰጠኋት። የእህቴን።

ያ ስም ለምን እንደመጣልኝ አውቃለሁ። ታናሽ እህቴ ደሴ ነው ያለችው፤ ሦስት ዓመት ሙሉ አልተነጋገርንም። እናታችን ስትሞት እጇን ይዛ የነበረችው እሷ ናት። ዓይኗን የከደነችላትም እሷ ናት። እኔ ቀብሩን ያየሁት በስልክ ነው፣ ኔትወርኩ እየተቆራረጠ። በማግስቱ ደውዬ «ብቻሽን ወሰድሻት» አልኳት። ስልኩን ዘጋችብኝ። ከዚያ ወዲህ ስለ እናቴ ባሰብኩ ቁጥር መጀመሪያ ፊቴ ድቅን የምትለው እህቴ ነች።

ከፍልሰታ ጀምሮ የእህቴ ስም በየጠዋቱ በግድግዳው በኩል ይመጣ ጀመር። መጀመሪያ ሳቄ መጣ። እየቆየ ግን ያንን ሰዓት ጠላሁት።

ለትንሣኤ አክስቴ ከደሴ ደወለች። እንኳን አደረሰሽ ከተባባልን በኋላ፣ «እህትሽ እኮ ተመስገን ነው!» አለችኝ። «ከእናታችሁ ሞት በኋላ ሰው አላይ፣ እህል አልቀምስ ብላ አላለቀች መሰለሽ? አሁን ትበላለች፣ እንቅልፍም ይወስዳታል። ፍልሰታን ካስቀደሰች ወዲህ ሌላ ሰው ሆናለች።»

እህቴ እንደዚያ መሆኗን አላውቅም ነበር። በሰው ደንብ ማዘን የነበረብኝ እዚህ ላይ ነው። እኔ ግን ስልኩን እንደዘጋሁ ያሰብኩት ሌላ ነው፤ ጸሎቴን ወሰደችብኝ! እናቴን ወስዳ አልበቃ ብሏት ጎረቤቴንም! እኔ እዚህ ፕላስቲክ ስነክስ እሷ እዚያ በኔ ጸሎት ትተኛለች! በነጠላ ጫማ ወጥቼ የጎረቤቴን በር ደበደብኩት።

«የሰጠሁሽ የክርስትና ስም የኔ አይደለም፤ የእህቴ ነው» አልኳት ገና በሩን ሳትከፍተው። «ሰርዢውና የኔን ጻፊ።»

ይቅርታ እንኳ አልጠየቅኋትም። በሩን ከፍታ፣ እርጥብ እጇን ቀሚሷ ላይ እየጠረገች አየችኝ።

«መተት ታሠራብኛለች ብለሽ ነው?»

ዓይኗ እንባ አቀረረ። ይቺ ሴት እንደምትጎዳ ያየሁት ያን ቀን ነው፤ የጎዳኋትም እኔው ነበርኩ።

አስገባችኝ። መጽሐፏን አምጥታ የመጨረሻውን ገጽ ገለጠችው። በእርሳስ የተጻፉ ስሞች ነበሩ።

«እህትሽ ምን ሆና ነበር?»

አክስቴ ያለችኝን ልነግራት ጀመርኩ። «እህል አልቀምስ ብላ...» ስል ድምፄ ተሰበረ። እህቴም እናቷ እንደሞተችባት ገና ያን ጊዜ ገባኝ።

ጎረቤቴ እስክረጋጋ ጠበቀችኝ። «አልሰርዛትም» አለች። «ለምጃታለሁ። ያንቺን ከሥሯ እጽፈዋለሁ። ግን ነገ ጠዋት መጥተሽ የሷን ስም ራስሽ ትጠሪያለሽ።»

በማግስቱ፣ ከሥራ በፊት፣ ነጠላችንን አጣፍተን በመስኮቷ በኩል ወደ ምሥራቅ ቆምን። ተራዬ ደረሰ። ያን ስም ሳልንተባተብ ለሰው የሰጠሁ ሴት ለእግዚአብሔር መስጠት አቃተኝ። ጎረቤቴ አልቸኮለችም። በመጨረሻ ጠራሁት፤ የኔን ደግሞ እሷ ጠራችው።

በሳምንቱ ደሴ ደወልኩ። «እንቅልፍ እንዴት ነው?» አልኳት እህቴን። «አንቺስ ትተኛለሽ?» አለችኝ።

አንዳንድ ቀን እተኛለሁ። ፕላስቲኩን አልጣልኩትም። ጠዋት ጠዋት ግን የጎረቤቴን በር አንኳኳለሁ። ገጹ ላይ እህቴ ከላይ ናት፣ እኔ ከሥሯ። አሁንም ያንገበግበኛል። እሱንም ለእግዚአብሔር እነግረዋለሁ።