በስንዝር የተሠራው ግንብ

አንድ ነገር ለማስረዳት ከመቸኮላችሁ የተነሣ ዋናውን ነገር ሳትናገሩ ማለፍ ደርሶባችሁ ያውቃል? በእኔ ደርሷል፤ ያውም ታሪክ አስተማሪ ሆኜ በተቀጠርኩበት በመጀመሪያው ዓመት።

ትምህርት ቤታችን ሐዋሳ፣ ከታቦር ተራራ ሥር ነው። ከግቢው ጥግ አረም የወረሰው ባዶ ቦታ ነበር። እዚያ የአገራችንን ቅርሶች በትንንሹ ሠርተን መናፈሻ እንድናደርገው ተመኘሁ። ተማሪዎቼ አክሱምንም ጎንደርንም ያዩት በመጽሐፍ ብቻ ነው፤ እኔም ብሆን እንደዚያው።

ዳይሬክተሯ ሐሳቤን ሰምተው ፈገግ አሉ። «ቦታውን ለባጃጅ ማቆሚያ አስቤው ነበር። ቅዳሜ ወላጆች ሲመጡ የሚታይ ነገር ከሆነ ያንተ ነው። ካልሆነ የባጃጅ ነው።»

በሥርዓት ጀመርን። ስምንተኛ ክፍሎች የአክሱምን ሐውልት፣ አራተኛ ክፍሎች የጎንደርን ግንብ ያዙ። ማስመሪያ ለሁሉም ስላልበቃ ዘዴ ፈጠርኩ፤ የእውነተኛው ቅርስ አራት ሜትር በእኛ ዘንድ አንድ ስንዝር ይሁን አልኳቸው። ስንዝር ሁሉም ይዞት የሚዞር መለኪያ ነው፤ አይጠፋም፣ አይሰበርም። በዘዴዬ በጣም ተደሰትኩ። የማን ስንዝር እንደሆነ ግን አልተናገርኩም።

ካርቶን ተቆረጠ፣ ጭቃ ተቦካ፣ ተለሰነ። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሁለቱን ሥራዎች ጎን ለጎን አየናቸው። እውነተኛው ግንብ ሠላሳ ሁለት፣ ሐውልቱ ሃያ አራት ሜትር ያህል ስለሆነ ግንቡ መብለጥ ነበረበት፤ ሐውልቱ ግን ቁልቁል ያየዋል።

ከስምንተኛ ክፍሎቹ ረጅሙ ልጅ ሳቀ። «በእናንተ ግንብማ ንጉሡ እየዳኸ ነው የሚገባው።»

አንዲት የአራተኛ ክፍል ልጅ ጭቃ የነካ እጇን ወገቧ ላይ አደረገች። «የእኛ ንጉሥ በእኛ እጅ ነው የሚለካው። አንተ ምን አገባህ፣ ቀጭኔ።»

ለየቡድናቸው የለኩት እነርሱ ስለነበሩ ሁለቱን መዳፍ ለመዳፍ አጋጠምኳቸው። የልጁ ስንዝር የልጅቷን አንድ ተኩል ያህል ነበር። አፍርሰን እንደገና ብንሠራ ጭቃው እስከ ቅዳሜ አይደርቅም። ባጃጆቹ ተደርድረው ታዩኝ። ያኔ ነው የልጅቷ መልስ የገባኝ። ትክክል ነበረች! በእነርሱ እጅ የተሠራ ግንብ የጎደለው በእነርሱ እጅ የተለካ ሰው ነው።

ዓርብ እያንዳንዱ ቡድን ከጭቃ አንድ ሰው ሠራ፤ ቁመቱ በዚያው በቡድኑ ስንዝር ከግማሽ ትንሽ ያነሰ። ሰውየውን ከሥራው እግር ሥር አቆምነው። ግንቡ ዓይናችን እያየ ገዘፈ። ከሰውየው ተነሥታችሁ ወደ ላይ ስታዩ ጫፉ ሩቅ ነው።

ቅዳሜ ዳይሬክተሯ ወላጆች እያዩዋቸው ተንበረከኩ። «ይሄኛው ሰውዬ ለምን ከዚያኛው አጠረ?»

«በእኔ እጅ ስለተለካ ነው፣ ቲቸር» አለች ልጅቷ። ትንሿን እጇን ዘርግታ ግንቡን ከሥር እስከ ጫፍ ለካች፤ ስምንት ስንዝር። ረጅሙ ልጅም ሐውልቱን በራሱ እጅ ለካ፤ ስድስት። ወላጆች አብረው ይቆጥሩ ነበር። አንድ አባት የራሳቸውን ሰፊ እጅ ግንቡ ላይ ሞከሩና፣ «በእኔማ ጎጆ ነው» ብለው ሳቁ።

ዳይሬክተሯ ከጉልበታቸው አፈር እያራገፉ ተነሡ። «ባጃጆቹ ውጭ ይቁሙ» አሉኝ።

እስቲ እናንተም ሞክሩት። ቤታችሁን በራሳችሁ ስንዝር ለክታችሁ ከጭቃ ሥሩ፤ በሩ ላይ በዚያው እጅ የተለካ ሰው አቁሙ። ከዚያ ተንበርክካችሁ፣ ጉንጫችሁን ወደ መሬት አስጠግታችሁ፣ ከሰውየው ትከሻ በላይ ቀና ብላችሁ እዩት።