ሽማግሌ የተላከበት ሞተር ሳይክል

ሽማግሌ የሚላከው ለሁለት ነገር ብቻ ይመስለኝ ነበር፤ ወይ ሴት ልጅ ለመጠየቅ፣ ወይ የተጣሉ ባልና ሚስት ለማስታረቅ። ሰውን ከሞተር ሳይክሉ ለማፋታት ሲላክ ያየሁት በራሴ ላይ ነው፤ እዚሁ ኦስሎ፣ ትቬይታ፣ ሰባተኛ ፎቅ ላይ ባለው ቤቴ።

ሞተሩን ያስገዛኝ ቅናት ነው። በአረጋውያን መጦሪያ ቤት በጽዳት ነው የምሠራው። አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ ከገበያ ማዕከሉ ፊት ለፊት አንዲት ሴት ሞተሯን አቁማ ሄልሜቷን አወለቀች። ጠጉሯ ጥጥ መስሏል። ገብታ ወተትና ዳቦ ገዛች፣ ከኋላ አሰረችው፣ ሄደች። ማንም ዞር ብሎ አላያትም። እኔ ግን ፌስታሌን እንዳንጠለጠልኩ እዚያው ተገተርኩ። ዕድሜዬን ሙሉ ሌላ ሰው በሚነዳው ነገር ስሄድ ኖሬአለሁ፤ በአውቶቡስ፣ በባቡር፣ በሰው መኪና የኋላ ወንበር። ሃምሳ አራት ዓመት ሞልቶኝ መሪ ጨብጬ አላውቅም ነበር። ልገዛ የሄድኩትን ወተት ሳልገዛ ቤቴ ገባሁ።

ኖርዌይ ውስጥ የሞተር መንጃ ፈቃድ ከማውጣት ቅስና መቀበል ይቀላል። በዝናብ ያስነዱሻል፣ ሆን ተብሎ በሚያንሸራትት አስፋልት ላይ ያስነዱሻል፣ ከዚያ ለምን ተንሸራተትሽ ብለው ይጠይቁሻል። አስተማሪዬ ክንዱን ሙሉ የተነቀሰ ጎረምሳ ነበር። ወደምትሄጂበት ተመልከቺ እንጂ ወደምትፈሪው አትመልከቺ እያለ ይጮህብኛል። የምፈራውን ካልተመለከትኩ መምጣቱን በምን አውቃለሁ ብዬ ጠየቅኩት። ድጋሚ ከመጀመሪያው ንጂ አለኝ። ቦዩን እያየሁ ቦዩ ውስጥ ገባሁ። አጥሩን እያየሁ አጥሩ ጋ ደረስኩ። ሁለቴ ወድቄ በሦስተኛው ፈተና አለፍኩ፤ እግሬ መሬት የሚደርስላትን ዝቅ ያለች ቀይ አሮጌ ሞተርም ገዛሁ።

ኖርዌጂያኖች በመርከብ ወደ ደቡብ ሲወርዱ ወደ አውሮፓ እንሄዳለን ይላሉ። እነሱ ራሳቸው የት እንዳሉ ግን አይናገሩም። እኔም እንደነሱ አውሮፓ ልሄድ ወሰንኩ። ዕቅዱ ስድስት ቀን ነበር፤ ሰኔ ላይ ከኦስሎ ተነስቼ፣ ባሕሩን በመርከብ ተሻግሬ፣ ዴንማርክን ከላይ እስከ ታች ነድቼ፣ ጀርመን ገብቼ ሃምቡርግን አይቼ፣ ከኪል ወደብ መርከብ ይዤ ቤቴ መመለስ። ካርታውን ሳሎን ግድግዳ ላይ ለጠፍኩ። ድንኳን ገዝቼ እዚያው ሳሎን ውስጥ ተከልኩና አንድ እሑድ ከሰዓት ተኛሁበት። አልደብቅም፣ ይህን ጉዞ አጥብቄ ፈልጌዋለሁ። የፈለግሁት ደግሞ ብቻዬን ነው። ማንም ቁልፉን የት አደረግሽው የማይለኝን፣ ማን በላ ማን አልበላ ብዬ የማልጨነቅበትን ስድስት ቀን ፈለግሁ።

ያለችኝ አንዲት ልጅ ናት። ሃያ ሰባት ዓመቷ ነው፤ አጠገባችን ትሮስተሩድ ትኖራለች፣ ባርነሃገ በሚሉት መዋዕለ ሕፃናት ውስጥ ልጆች ትጠብቃለች። ለዚህ ያበቃኋት ብቻዬን ነው። የጉዞውን ነገር ስነግራት በነሱ ቋንቋ "ኔይ"፣ አይሆንም አለችና ወሬ ለወጠች። ከዚያ በየቀኑ የሞተር አደጋ ዜና በስልክ ትልክልኝ ጀመር። እኔም በየቀኑ የድንኳን ፎቶ እልክላታለሁ። እንዲህ እየተላላክን ግንቦት ገባ።

በዚያው ወር አንድ መልእክት መጣ። ላኪው በሐበሾች ማኅበራችን የሚከበሩ፣ ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ነጂ ናቸው። ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሆነን ስለ ልጅሽ ለቁም ነገር እንመጣለን ይላል። አገር ቤት ሽማግሌ በማለዳ ድንገት ነው ደጅ የሚቆመው፤ እዚህ ግን ሳይደውሉ የሰው በር ማንኳኳት ነውር ስለሆነ ሽማግሌም ቀጠሮ ይይዛል። ሦስት ሰው፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ስለ ልጅሽ። ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? ልጄን ሊጠይቁ ነው። ደስታዬን የማደርግበት አጣሁ። ድንኳኑን ነቀልኩ፣ ዶሮ ሠራሁ፣ መጋረጃ አጠብኩ። የሙሽራው ወገኖች እንዳያዩብኝ ብዬ ሞተሬን ሳይቀር ሸራ አለበስኳት። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ማለት እኔ ነኝ።

ቅዳሜ መጡ። ከአውቶቡስ ነጂው ጋር በማኅበር የማውቃቸው፣ እትዬ የምላቸው አንዲት ትልቅ ሴት ነበሩ፤ ሦስተኛው ትሮስተሩድ የልጄ ጎረቤት የሆኑ ኤርትራዊ አባት፣ ሙስሊም፣ ዝምተኛ ሰው ናቸው። ሙስሊም አባትና ሴት ሽማግሌ ማየቴ ትንሽ ገረመኝ፤ ግን የሙሽራውን ቤተሰብ ሰፊነት የሚያሳይ ነው ብዬ ይበልጥ ደስ አለኝ። ጫማቸውን ደጅ አውልቀው በካልሲ ገቡና ምንጣፉ ላይ በረድፍ ቆሙ። ቁጭ በሉ ብላቸው፣ የመጣንበት ጉዳይ ሳይፈጸም አንቀመጥም፣ እህልም አንቀምስም አሉ። ወጉ ነው፤ ኮራሁ።

አውቶቡስ ነጂው ጉሮሯቸውን ጠርገው ልጅሽን ብለን ነው የመጣነው አሉ። በወጉ ቢሆን ቀን ስጡኝ፣ ከዘመድ ልማከር ነበር የምለው። እኔ ግን ልጁ ማን እንደሆነ፣ ሥራ ይኑረው አይኑረው፣ መጠጥ ያብዛ አያብዛ በአንድ ትንፋሽ ጠየቅኩ። እርስ በርስ ተያዩ። ኤርትራዊው አባት የትኛው ልጅ ብለው ጠየቁ። ሙሽራው ነዋ አልኳቸው። እትዬ ዓይናቸውን ወደ ካልሲያቸው መለሱ።

"ሙሽራ የለም የኔ ልጅ" አሉኝ። "የላከችን ልጅሽ ናት። ስለ ሞተሩ ነው።"

በዚያች ሰዓት የተሰማኝን ንዴት ለጠላቴም አልመኝም። ይቺ ልጅ ማኅበር ነይ ቢሏት የማትመጣ፣ የአባቷን እኩያ አንተ እያለች የምትጠራ፣ ወግ ሲነሳ ዓይኗን ወደ ጣሪያ የምትሰቅል ናት። ከወጋችን ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ተምራለች፤ ሽማግሌ እምቢ እንደማይባል። የልጅ ነገር ሁለት ፍሬ፣ አንዱ ብስል አንዱ ጥሬ ይባላል፤ የኔዋ ብስሉን መርጣ ላከችብኝ። ሦስቱም ወንድ ከሆኑ አልቀበልም፣ ሁሉም ከአንድ ቤተ ክርስቲያን ከሆኑም አልቀበልም ብላ በኖርዌይ ሥርዓት አመጣጥና እንደመረጠቻቸው ኋላ ነው የሰማሁት።

እምቢ አልኩ። እነሱም አንቀመጥም አሉ። ሽማግሌ ቆሞ እኔ ልቀመጥ አልችልምና እኔም ቆምኩ። ዶሮው መካከላችን ይቀዘቅዛል። አውቶቡስ ነጂው ስለ ሕይወት ከንቱነት ተናገሩ። እትዬ ስለ ሴት ልጅ ክብር ጀምረው፣ ሱሪ ለብሼ ነው ወይ የምነዳው ብለው ጠየቁ። በቀሚስ ብነዳ ይሻላል ወይ ብላቸው ተዉት። ኤርትራዊው አባት ግን ጉልበታቸው አላስችል ብሏቸው ቀስ እያሉ ወደ ግድግዳው ተጠጉና በካርታው አጠገብ ተደገፉ። ትንሽ ቆይተው የሞተሯ ጉልበት፣ ሲሲዋ ስንት ነው አሉ።

ነገሩ የተበላሸው እዚያ ላይ ነው። ለካ ሰውየው በወጣትነታቸው አሥመራ ላይ ሞተር ነበራቸው። ከዴንማርክ በስተምዕራብ ያለው ነፋስ ቀላል ሞተር ይጥላል፣ ይህን ዳርቻ ተዪው አሉኝ። አውቶቡስ ነጂው ስብከታቸውን አቁመው መጡ። ሠላሳ ዓመት የነዳ ሰው የተሳሳተ መንገድ እያየ ዝም ማለት አይችልም። የለም፣ በመሐል ከሄደች ከባድ መኪና ይበዛባታል ብለው ጣታቸውን ካርታው ላይ አስቀመጡ። ሁለቱ ተከራከሩ። እትዬ በበኩላቸው ሰኔ ጾም መሆኑን አስታውሰው፣ ዴንማርክ የአሳማ አገር ነው፣ ምን ልትበላ ነው ብለው ተጨነቁ። በሶ አዘጋጅልሻለሁ አሉኝ። እንግዲህ ጉዞውን ሊያስቀሩ የመጡ ሰዎች ሦስቱም በካልሲ ካርታ ላይ ተደፍተው፣ እኔን ከኋላቸው አስቀርተው የኔን ጉዞ ያቅዱ ነበር።

ኋላ አውቶቡስ ነጂው ነቃ አሉ። ተልከን መጥተን ባዶ እጃችንን ወደ ልጅቱ አንመለስም፣ አንድ ነገር ስጪን አሉ። ሽማግሌ እንዲህ ካለ ክርክሩ ያልቃል፤ አንድ ነገር መስጠት ግድ ነው። ሃምቡርግን ሰጠሁ። አምስት ቀን ሆነ። ኤርትራዊው አባት አንድ ቀን ዴንማርክ ውስጥ ቢቀነስ መንገዱ እንደማይጎዳ አሳዩ። አንጀቴ እያረረ እሱንም ለቀቅኩ። አራት ቀን። በየቀኑ ሁለት ጊዜ መደወል፣ ሳይመሽ ማረፍ፣ ዝናብ ከሆነ መቆም። የኔ ናት ያልኳት ጉዞ ዓይኔ እያየ ተቆራርጣ አለቀች። እሺ አልኩ። ሦስቱ እንደ አንድ ሰው እፎይ ብለው ተቀመጡ።

ሁለቱ ወገኖች ፊት ለፊት ካልተገናኙ ዕርቅ አይባልምና ልጄን ጥሯት አልኩ። ምድር ቤት መኪና ውስጥ ተቀምጣ ስትጠብቅ ነበር። ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ገባች። አውቶቡስ ነጂው ተነስተው፣ ፈጣሪን አመስግነው፣ እናትሽ ሽማግሌ አክብራለች፣ ስድስት የነበረውን ቀን አራት አድርገነዋል አሏት። ደስ ይላታል ብለን ሁላችንም ፊቷን አየን። ፊቷ ደም የሌለው ሆነ።

"ኔይ" አለች። "አራት ኔይ።"

ሦስት ይሁን ወይ ብለው ጠየቋት። እዚህ ላይ ትዕግሥቴ አለቀ። ሦስት ከሆነ ሞተሩን ሸጬ አርፌ እቀመጣለሁ፣ ባለሥልጣን መሆንሽ ነው ወይ፣ ምን እንድሆንልሽ ትፈልጊያለሽ ብዬ ጮህኩባት። እሷ አልጮኸችም። እጇን ወንበሩ መደገፊያ ላይ አድርጋ በዝግታ ተናገረች።

"አባዬም አራት ቀን ነበር ያለኝ።"

ባሌ የጭነት መኪና ነጂ ነበር። ልጃችን አምስት ዓመቷ ሳለ አንድ ጠዋት ወደ መተማ ዕቃ ሊያደርስ ወጣ። ለኔ ቶሎ እመለሳለሁ ብሎኝ ነበር። አቅፏት እስከ በሩ እንደወሰዳት አስታውሳለሁ፤ ጆሮዋ ላይ ያላትን አልሰማሁም። ከዚያ ወዲያ እሱንም መኪናውንም ያየ ሰው አልተገኘም። ሞተ ብለው የነገሩኝ አሉ፣ ሱዳን አየነው ያሉኝም አሉ። እንባዬን ጨርሼ ልጄን ይዤ ተሰደድኩ። አንድም ቀን ስለ እሱ ጠይቃኝ አታውቅም፤ ሕፃን ነበረች፣ ረስታዋለች ብዬ ፈጣሪን አመሰግን ነበር። እሷ ግን አራት ቀን ቆጥራ ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ይህን ቁጥር ብቻዋን ይዛ ኖራለች።

እትዬ ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ወሰዱ። እኔም ቁጣዬ የት እንደገባ አላውቅም፣ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።

"ስንት ይሁን ታዲያ፣ የኔ ልጅ?" አልኳት።

"አምስት" አለች።

አውቶቡስ ነጂው ግራ ገባቸው። ልጄ፣ እኛ እኮ ያሳጠርነው ላንቺ ብለን ነው አሏት። አውቃለሁ አለች። አምስትም ይሁን፣ ስድስትም ይሁን፣ መሄዷንስ እችለዋለሁ፣ አራት ቀን ብቻ አይሁን አለች። ኤርትራዊው አባት ብድግ ብለው ወደ ካርታው ሄዱ። ስድስት ይሁን አሉ፣ ማንንም ሳያማክሩ፤ ሁሉም ተስማማ። ሽማግሌዎቹ የመጡበትን ሁሉ አስረክበው፣ የቀዘቀዘ ዶሮ በልተው፣ መርቀውን ሄዱ። በሽምግልና ታሪክ እንደዚህ የተሸነፈ ሽማግሌ መኖሩን እጠራጠራለሁ።

ሰኔ ላይ የተነሳሁ ጠዋት ሦስቱም ሊሸኙኝ ከሕንፃው ደጅ መጥተው ነበር። እትዬ ሰፈር የሚያበላ በሶ ይዘው መጡ፤ አውቶቡስ ነጂው ጎማውን በእግራቸው መታ መታ አደረጉ፤ ኤርትራዊው አባት ሞተሯን ላንድ ዙር እንድሰጣቸው ለመኑኝና እትዬ ከለከሏቸው። ልጄ ራቅ ብላ ቆማ ነበር። ሁሉም ሲጨርስ መጣች። የሄልሜቴን ማሰሪያ አገጬ ሥር እሷው ቆለፈችው፤ ጣቶቿ ቀዝቃዛ ነበሩ።

"ማማ፣ እመለሳለሁ እንዳትዪኝ" አለች። "ዝም ብለሽ ተመለሺ።"

አፌ ላይ የደረሰውን ቃል ዋጥኩና ሞተሯን አስነሳሁ።