ሰላም ሳይለኝ የተነሳው ኮምፒዩተር

ዛሬ ጠዋት ኮምፒዩተሩ ሰላም ሳይለኝ ተነሳ።

ማሽኑን የገዛሁት አንድ የውጭ ፕሮጀክት ሥራውን ጨርሶ ሲሄድ በወጣ ጨረታ ነው። አዳማ ውስጥ እንደኔ የታይፕ ማሠልጠኛ የከፈተ አለ፤ ኮምፒዩተር ያለው ግን አላየሁም። የምታስተምርበት ባለቤቴ አስቴር ነበረች። ማሽኑ በተከፈተ ቁጥር በላቲን ፊደል አንድ መስመር አማርኛ እንዲጽፍ አደረገችው... «እንደምን አደሩ አቶ በቀለ? ቁርስ በልተዋል?» አንቱ የምትለኝ ልታሾፍብኝ ስትፈልግ ብቻ ነበር። ባዶ ሆዴን የደብተርና የእርሳስ ሱቄን መክፈት ልማዴ ነበር።

አስቴር ካረፈች ዓመት አለፈ። መስመሩ ግን በየጠዋቱ ይጠይቀኛል። ሌላ የሚጠይቀኝ የለም።

ባለፈው ሳምንት አንዷ ተማሪ ካመጣችው ዲስኬት ቫይረስ ገባ። የመለማመጃው ፕሮግራም አልከፈት አለ። አዲስ አበባ ኮምፒዩተር የሚጠግነው፣ ከአዳማ ወዲያ የደራ ከተማ ልጅ የሆነው ጀማል፣ መፈተሻ ፕሮግራም ያለበት ንጹሕ ዲስኬት በአውቶቡስ ሹፌር እጅ ላከልኝ። ከወረቀት ጋር ነው።

«ጋሽ በቀለ፣ ማሽኑን በራሱ አያስነሱት። በዚህ ዲስኬት ያስነሱት። ያኔ ከውስጡ ምንም አይነቃም፤ ቫይረሱም እንደተኛ ይያዛል።»

በራሱ አስነሳሁት።

እዚህ ደብተር ላይ እንኳ እውነቱን ልጻፍ። በዲስኬቱ ከተነሳ የአስቴር መስመር አይወጣም። አንድ ጠዋት ነው፤ እሱንም መዝለል አልፈለግሁም።

መፈተሻው ፕሮግራሞቹን አንድ በአንድ እየከፈተ ሲያይ፣ የነቃው ቫይረስ ከኋላው እየተከተለ የተከፈተውን ሁሉ በከለ። ሐኪሙ በሽታውን ቤት ለቤት ይዞት ዞረ ማለት ነው።

ዛሬ ጀማል ወደ ቤተሰቦቹ ሲሄድ ጎራ አለ።

«አካም ቡልተኒ ጋሽ በቀለ?» ብሎ በኦሮምኛ እንዴት አደሩ አለኝ።

«ነጋ» አልኩት፣ ሰላም ነው ለማለት። «ና ግባ።»

ትንሽ ነካካና ራሱን ነቀነቀ። «በራሱ ነው ያስነሱት አይደል?»

«የቀበሌ ስብሰባ ነበረብኝ። ቸኩዬ ነው።»

«እርስዎ? ለአንድ ደርዘን እርሳስ ግማሽ ቀን የሚከራከሩት ሰውዬ ቸኮሉ?»

ዲስኬቱን ከመሳቢያ አውጥቼ ሰጠሁት።

በዲስኬቱ አስነሳው። ጥቁር ስክሪን፣ አንድ ፊደል፣ ብልጭ ድርግም የምትል ሰረዝ... ሌላ ምንም የለም። ክፍሉ ውስጥ ብቻዬን የቀረሁ መሰለኝ፤ ጀማል ግን አጠገቤ ተቀምጧል።

«ጤነኛ የቀረ የለም» አለ። «ሁሉንም ደምስሼ እንደ አዲስ ልጫነው።»

«ሁሉንም?»

«የሚሳሱለት ነገር አለ እንዴ?»

ገበያ ላይ የፈለግሁትን ዕቃ ዓይኔ አያስታውቅም። ዛሬ ግን አስታውቆብኝ መሆን አለበት፤ ጀማል እጁን ከፊደል ቁልፎቹ ላይ አነሳ።

«ሲነሳ መጀመሪያ የሚያነበውን ፋይል ክፈትልኝ» አልኩት።

ከፈተውና ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበ። «እንደምን አደሩ አቶ በቀለ? ቁርስ በልተዋል?»

«አልበላሁም» አልኩ። ከአፌ ያመለጠኝ ነው።

ዞሮ አየኝ። አልሳቀም። አስቴርን ያውቃታል።

«ይህ ጽሑፍ ብቻ ነው ጋሼ። ቫይረስ አይዘውም። ሌላውን ላጥፋና ይህቺን መስመር ልመልሳት?»

«መልሳት» አልኩት። «መቼስ ቦታ አትፈጅም።»