ማዳም ምን አለች?

ትናንት የጎረቤታችን ልጅ አንዲት ትንሽ ድመት በሻርፕ ጠቅልላ ይዛ ወደ እኔ መጣች። ባጃጅ ባለፈ ቁጥር አልጋ ሥር ትገባለች፤ ከገባች ደግሞ ቶሎ አትወጣም አለችኝ።

«አንተ ድመት ማስለመድ ትችላለህ ሲሉ ሰማሁ። እንዳትፈራ አስለምድልኝ።»

«አልችልም» አልኳት። ዋሸሁ። ልጅቷ ከሄደች በኋላ ለረጅም ጊዜ ደጃፍ ላይ ተቀምጬ ቀረሁ።

ድመት እንዳትፈራ ማስለመድ እችላለሁ። የተማርኩት ከእህቴ ከሰዓዳ ነው። ስለ ሰዓዳ ለመጻፍ ብዙ ጊዜ ጀምሬ አቁሜአለሁ። ሁልጊዜ የምጀምረው ከሞቷ ስለነበር ይመስለኛል ያልሆነልኝ። ዛሬ ከሞቷ በፊት ከነበረው ከመጨረሻው ደኅና ቀን ልጀምር።

ረቡዕ ነበር። ኅዳር ገብቷል። ከቤታችን በላይ ያለው ማሽላ ጎንበስ ብሏል፤ ወጥቶ የሚያጭደው ግን አልነበረም። ሰዓዳ ጠጕሯን ታጥባ ፀሐይ ላይ ተቀምጣለች። ከማሽላው ጥቂት ራስ ቆርጠን በፍም ጠብሰን ስለነበር ጣቶቿ ጠቁረዋል። ትኩሱን እያሸች እፍ ትልና ግማሹን ለእኔ፣ ግማሹን ለራሷ ታደርጋለች። ድመቷ ጭኗ ላይ ተጋድማለች። ቤታችን ከሐይቅ ከተማ ወደ ውሃው በሚወርደው መንገድ ዳር ነው። የዚያን ቀን ውሃው ጸጥ ያለ ነበር፤ ታንኳ እንኳ አይታይበትም።

ደኅና ቀን ስል ጦርነት አልነበረም ማለቴ አይደለም። ጦርነቱ እኛ ጋ ከደረሰ ሦስተኛ ሳምንቱን ይዟል። መጀመሪያ ከአምባሰል ተራራ ማዶ፣ በውጫሌ በኩል፣ እንደ ሩቅ ነጎድጓድ ይሰማን ነበር። ቀስ በቀስ ቀረበ። አለፈን ስንል ተመልሶ መጣ። መብራት የለም፣ ስልክ የለም፣ ቦኖው ደርቋል። ማን የት እንዳለ የሚነግረን ሰው አልነበረም። ያን ቀን ደኅና የምለው ሁላችንም ቤት ስለነበርን ነው።

ሰዓዳ በሰባት ዓመት ትበልጠኝ ነበር። እኔ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። እሷ ከዓረብ አገር ከተመለሰች ዓመት ሊሞላት ነበር። እዚያ የተቀጠረችበት ቤት ሦስት ድመቶች ነበሩ፤ እነሱን መንከባከብ የእሷ ሥራ ነበር። የቤቱ ልጅ ድመቶቹን ስታስለምድ እያየች ሙያውን ቀሰመች። ስለዚያ ቤት የምታወራው ለማሳቅ ብቻ ነው።

«ድመቶቹ ሐኪም ነበራቸው፣ የክትባት ወረቀት ነበራቸው። ወላሂ ከአራታችን ወረቀት ያልነበረኝ እኔ ብቻ ነኝ፤ ኢቃማ እንኳ አልነበረኝም!» ትላለች። ኢቃማ የመኖሪያ ፈቃዱ ነው።

ከመጣች በኋላ ገበያ ዓሣ ከሚሸጥበት ቦታ አንዲት ግራጫ ድመት አንሥታ አመጣች። ስሟን ማዳም አለቻት።

«እዚያ ማዳም እኔን ስታዝ ኖረች» አለች፤ «እንግዲህ እዚህ ማዳምን የማዘው እኔ ነኝ።»

አባቴ ሳቀባት። «ድመት አብራህ ትኖራለች እንጂ ትማራለች እንዴ?»

«አባ፣ ዝም ብለው ይመልከቱ።»

የምትጠቀመው አንድ ጣሳ፣ አንድ ማንኪያና የዓሣ ቁራጭ ነበር። ጣሳውን ሁለት ጊዜ ኳ ኳ ታደርግና ወዲያው ቁራጩን ትሰጣታለች። በድምፁና በምግቡ መካከል ትንፋሽ እንኳ አትስብም። በሳምንቱ ማዳም ጣሳው ሲመታ ከጎረቤት ጣሪያ ላይ ዘልላ እየመጣች እግራችን ሥር ትቆም ጀመር። አባቴ ከመስጊድ የሚመለሱ ሰዎችን እየጠራ ያሳያቸው ነበር። ሰዓዳ አንድም ቀን መትታት አታውቅም። «ከመታሃት የምትማረው አንተን መፍራት ብቻ ነው» ትለኛለች።

የሰፈሩ ወፍጮ ሲነሣ ማዳም ትበረግግ ነበር። ያንንም አስለቀቀቻት። «ከሩቅ ጀምር፤ ድምፁ ጆሮዋን ሳያሳጥፋት አብላት። ነገ አንድ እርምጃ ትቀርባለህ» አለችኝ። በሦስተኛው ሳምንት ማዳም የወፍጮ ቤቱ ደጃፍ ላይ ፀሐይ ትሞቅ ነበር።

ድመት ማንበብንም አስተማረችኝ። ጆሮዋን ወደ ፊት ስትቀስር ማወቅ የፈለገችው ነገር አለ። ወደ ጎን ስታጥፈው ፈርታለች። ጉሮሮዋ ውስጥ እር እር ስትል ሁልጊዜ ደስ ብሏት አይደለም፤ ስትታመምም ትላለች። ዓይንህን ቀስ ብለህ ብትጨፍንላት እሷም ቀስ ብላ ትጨፍንልሃለች፤ ያን ጊዜ አምናሃለች ማለት ነው። ይህን ሁሉ ስትነግረኝ ጨዋታ ይመስለኝ ነበር።

ጦርነቱ ሲመጣ ጨዋታ መሆኑ ቀረ። መጀመሪያ ያስተዋለችው እናቴ ናት። ማዳም መስኮቱ ላይ ተኝታ ሳለ በድንገት ጆሮዋን አጥፋ አልጋ ሥር ትገባለች። እኛ ምንም አልሰማንም። ጥቂት ቆይቶ የከባድ መሣሪያው ድምፅ ይመጣል። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን፣ ሦስት ቀን እንዲህ ሆነ። ከዚያ በኋላ እሷ ስትሮጥ እኛም እንሮጥ ጀመር። ጓሮ ውስጥ ግድግዳው ድንጋይ የሆነ የፍየል ቤት አለን፤ እዚያ ገብተን እንቀመጣለን። አንድ ቀን ገብተን ሳለ ከቤታችን ማዶ ያለው ባሕር ዛፍ ከሁለት ተከፈለ።

ወሬው በሰፈሩ ተዳረሰ። አጥር የምትጋራን እማማ በለጡ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ተሳልመው ሲመለሱ ገና ከበራቸው ይጣራሉ።

«ሰዓዳ! ማዳም ምን አለች?»

«ዝም ብላለች እማማ፣ ጤፍዎን ያበጥሩ!»

«ተባረኪ። እንደሷ ያለ ሹም አጥተን ነው እንዲህ የሆንነው።»

ሰዓዳ «ገብታለች!» ስትል ደግሞ እማማ በለጡ ሰፌዱን ጥለው በአጥሩ ቀዳዳ ወደ ፍየል ቤታችን ይመጣሉ። ከታች ያሉት አራት ቤቶችም ልጅ እየላኩ ያስጠይቁ ነበር።

አሁን የራሴን ልናገር። እኔ ፈሪ ነበርኩ። ሁሉም ይፈራ ነበር፤ የእኔ ግን ሌላ ነበር። መሣሪያው ሲተኮስ ያን ያህል አልፈራም፤ አንዴ ከሰማሁት አልፏል። የምፈራው የማዳምን ጆሮ ነበር። ቀኑን ሙሉ ከጆሮዋ ዓይኔን መንቀል አልችልም። ዝንብ ሲያርፍባትና ጆሮዋ ሲንቀጠቀጥ ወደ ፍየል ቤቱ ልሮጥ እነሣለሁ። እህል አልወርድልህ አለኝ። ባትሮጥ ኖሮ እኮ እኔም አልፈራም ብዬ አሰብኩ። አሳቡ ሲመጣልኝ ትክክል መሰለኝ።

ጣሪያው ሥር ሰዓዳ በጢስ ያደረቀችው የዓሣ ቋንጣ ተሰቅሎ ነበር። ለአራታችን የቀረን እሱ ነው፤ በቀን አንዳንድ ቁራጭ ትሰጠን ነበር። ከዚያ መስረቅ ጀመርኩ። ሩቅ የሆነ ተኩስ በሰማሁ ቁጥር አልጋ ሥር እገባና ለማዳም ቁራጭ እሰጣታለሁ። ቀጥሎ ከአልጋው ጠርዝ፣ ቀጥሎ ከወለሉ፣ ቀጥሎ ከመስኮቱ። አንድ እርምጃ፣ አንድ እርምጃ፣ እንደተማርኩት። በአሥር ቀን ውስጥ ማዳም ሩቁን ተኩስ ተወችው። ትንሽ ቆይታ የቅርቡንም ተወችው። ድምፁ ሲመጣ ከመሮጥ ይልቅ እጄን ታሸታለች። እኔም መብላት ቻልኩ። ኩራትም ተሰምቶኝ ነበር። ለሰዓዳ ልነግራት ደጋግሜ አስቤአለሁ፤ ግን «ዓሣውን ከየት አመጣህ?» ብትለኝስ? ዝም አልኩ።

ወደ ረቡዕ ልመለስ። እሸቱን እየበላን ሳለ በአምባሰል በኩል ሁለት ጊዜ ጎላ ያለ ድምፅ ተሰማ። ሰዓዳ እጇ እሸቱ ላይ ቆሞ ጭኗን ተመለከተች። ማዳም አልተንቀሳቀሰችም።

«አየሃት ሰይዶ? ጆሮዋን እንኳ አላጠፈችም» አለችኝ። «ሰሞኑን እንዲህ ናት። ርቀዋል ማለት ነው። አልሐምዱሊላህ፣ እየራቁ ነው።»

«ይሆናል» አልኩ።

«ይሆናል አይደለም፣ ነው! ነገ ወደ ሐይቁ ወርጄ ውሃ እቀዳለሁ። ከጉድጓድ የምንቀዳውን ጭቃ ስጠጣ ጥርሴ መሬት ሆነ።»

እናቴ ከውስጥ ሰማቻት። ፊቷ ሲፈታ አየሁ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲፈታ አየሁት። እንዴት አድርጌ ልናገር? ያን ጊዜ ለራሴ ያልኩት ይህን ነው፤ ምናልባት እውነት ርቀው ይሆናል።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ሁለት ጀሪካን አነሣች። እኔ ልሂድ አልኩ።

«አንተ ጎረምሳ ነህ፤ መንገድ ላይ ካገኙህ አይለቁህም። እኔን ምን ይሉኛል? የማዳም ገረድ ነኝ እላቸዋለሁ» ብላ ሳቀች። ወደ መስኮቱ ዞረች። ማዳም መዳፏን እየላሰች ፊቷን ትታጠብ ነበር። ሰዓዳ ቀስ ብላ ዓይኗን ጨፈነችላት። ማዳምም ጨፈነችላት።

«በሉ፣ ተፈቅዶልኛል» ብላ ወጣች።

እስከ አጥሩ ተከተልኳት። «ሰዓዳ» አልኳት።

«እ?»

«ምንም። ቶሎ ነይ።»

ከዚያ በኋላ ምን ያህል እንደቆየ አላውቅም። ድምፁ ሲመጣ የቤቱ ቆርቆሮ ተንቀጠቀጠ። ከውሃው በኩል አቧራ ተነሣ። ማዳም መስኮቱ ላይ ነበረች። ወርዳ ወደ እኔ መጣች። ጆሮዋን ወደ ፊት ቀስራ እጄን አየች። ዓሣዋን ነበር የምትጠብቀው።

ሰዓዳን በቃሬዛ አመጧት። ጀሪካኖቹ ሞልተው ነበር አሉ፤ ስትመለስ ነው። የቀረውን አልጽፈውም። ከዓስር ሰላት፣ ከከሰዓት በኋላው ጸሎት፣ በፊት በጥቂት ሰዎች ተቀበረች፤ አፈሩን የመለሰው አባቴ ነው።

በማግስቱ ጠዋት ለለቅሶ የመጡት ሴቶች ከእናቴ ጋር ሰሌን ላይ ተቀምጠዋል። ወንዶቹ በሩ ላይ ናቸው። እማማ በለጡ የእናቴን እጅ ይዘዋል። ከዚያ በአምባሰል በኩል ድምፅ ተሰማ። ሁሉም ሰው፣ እናቴ ሳትቀር፣ ወደ መስኮቱ ዞረ። ማዳም ተቀምጣለች። ጭራዋን በእግሯ ዙሪያ ጠቅልላ ተቀምጣለች።

«ዝም ብላለች። ሩቅ ነው፣ ተቀመጡ» አሉ እማማ በለጡ። ተነሥተው የነበሩት ተመልሰው ተቀመጡ።

ዛሬም ስለ ፍርሃት ሳስብ የማስበው ያን ጊዜ ነው። ከዚያ በፊት ፈርቼ የማውቀው ለራሴ ነበር። ያ ሁሉ ሰው በአንዲት ድመት ጆሮ አምኖ ሲቀመጥ ሳይ ግን ዝምታዬ ሌላም ሰው ሊገድል እንደሆነ ገባኝ።

«አትቀመጡ» አልኩ። ማንም አልተነሣም። ደግሜ አልኩት። «አትቀመጡ። ማዳም አትናገርም። ተኩስ ሲሰማ እንዳትሮጥ አስለምጃታለሁ። ዓሣ እየሰጠሁ። ሰዓዳ አታውቅም ነበር።»

እናቴ ሻሿን ወደ ፊቷ ጎተተች። አባቴ ከበሩ ተነሥቶ ወደ እኔ መጣ። ይመታኛል ብዬ ጠበቅኩ፤ እንዲመታኝም ፈልጌ ነበር።

«ከታች ያሉት ሰዎች ይህን ያውቃሉ?» አለኝ።

«አያውቁም።»

«ልጆች አሏቸው» አለ። «ሂድና ንገራቸው። እኔ አልነግርልህም።»

እማማ በለጡ ሰዎቹን ወደ ፍየል ቤቱ ማስገባት ጀመሩ። እኔ ወጣሁ። መንገዱ ላይ ማንም የለም። የመጀመሪያው ቤት ደጃፍ ላይ አንዲት ሴት ሕፃን አዝላ ቆማ ነበር። ገና ሳልደርስ ልቅሶ ልትደርሰኝ ነጠላዋን አዘቀዘቀች፤ «ወይኔ ሰይዶ፣ ወንድሜ» አለችኝ። መጀመሪያ እንዳታለቅስ ለመንኳት። ከዚያ ነገርኳት። እጇን አፏ ላይ አድርጋ ሰማችኝ። ሕፃኑን ይዛ ወደ ውስጥ ገባች፤ በሩን ዘጋች።

አንዴ ከተናገርኩት ሁለተኛው ይቀላል ብዬ ነበር። ሦስት ቤት ቀርቶኛል። ወደሚቀጥለው ሄጄ አንኳኳሁ።