ሐጂ ከድር ያመጡት የጌም ኮምፒውተር

ሮቤ ከተማ፣ ጋሽ ታምራት ጥገና ቤት ሥራ በጀመርኩበት ቀን አንድ ካቻቢቴና አንድ የሞተ ስልክ ሰጡኝ። «ፍቺውና መልሰሽ ግጠሚው» አሉኝ። ገጠምኩት። ሁለት ብሎን ተረፈኝ። ጋሽ ታምራት ብሎኖቹን መዳፋቸው ላይ አገላበጧቸው። «ፋብሪካው አብዝቶበት ነው» አሉና እንደገና አስፈቱኝ።

ከዚያ ወዲህ ዓመታት አለፉ። ከጎባም ከሲናናም ላፕቶፕ እየያዙ የሚመጡ ደንበኞች «ሰዓዳ የለችም ወይ?» ማለት ጀመሩ። ትንሽ ኩራትም ሳይዘኝ አልቀረም።

በአንድ የስንዴ አጨዳ ወቅት እህል ነጋዴው ሐጂ ከድር መጡ። ከኮታቸው ውስጥ በፎጣ የተጠቀለለ፣ በሁለት እጅ የሚያዝ የጌም ኮምፒውተር አወጡ።

«የልጅ ልጄ ዕቃ ነው። ይግላል፣ ከዚያ ይጠፋል።»

«ምን ያህል ከተጫወተ በኋላ?»

«ሁለተኛው አጋማሽ ላይ» አሉ ፈጠን ብለው።

እንዲህ ያለ ዕቃ ፈትቼ አላውቅም ነበር። «ላፕቶፕ ነው፣ አሳንሰውት ነው እንጂ» አልኩ ለራሴ። የጀርባውን ብሎኖች ፈታሁና ክዳኑን በፕላስቲክ መፈልቀቂያ ሳብኩት። ቀጭ አለ። ሚሞሪ ካርዱን ሳላወጣ ነበር የከፈትኩት፤ ለሁለት ተሰብሯል።

ጋሽ ታምራት ከመነጽራቸው በላይ አዩኝ። «ዛሬስ ስንት ተረፈሽ?»

ሐጂ በሩ አጠገብ አግዳሚው ላይ ተቀምጠዋል። ሲመጣም ተሰብሮ ነበር ብል የሚያውቅብኝ አልነበረም። ያንን አሰብኩ፣ አልዋሽም። ከዚያ ካርዱን ይዤ ሄድኩ።

«ሐጂ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ይህን እኔ ሰበርኩት። ጌሙ እዚህ ላይ ነበር።»

ስብርባሪውን ተቀብለው ወደ ብርሃን አዞሩት።

«ኢንታላ፣ አንቺ ልጅ፣ እኔ እኮ ሊጉን እየመራሁ ነበር።»

«እርስዎ?»

ጋሽ ታምራትን ሳል ያዛቸው። ሐጂ ኮታቸውን አስተካከሉ፣ የልጅ ልጃቸውን ግን ከዚያ በኋላ አላነሱም።

ወደ ጠረጴዛዬ ተመልሼ መጀመሪያ የባትሪውን ገመድ ነቀልኩ። የቀረውን የካርድ ስባሪ በወረንጦ አወጣሁ። ማራገቢያው በስንዴ ብናኝ ታፍኗል፤ ዕቃው የሚውለው የልጅ ልጅ ቤት ሳይሆን እህል መጋዘን እንደሆነ ያኔ ተረዳሁ። በብሩሽ ጠረግኩት። ፕሮሰሰሩ ላይ የደረቀውን የሙቀት ማስተላለፊያ ቅባት በአልኮል አጽድቼ አዲስ ቀባሁ። ገጠምኩ። አዲስ ካርድ በራሴ ወጪ አስገባሁና ጌሙን እንደገና ከኢንተርኔት አወረድኩ።

ሐጂ ዙህር ሰግደው ሲመለሱ አውርዶ ጨርሷል። ከፈትኩት። የሊጉ ሰንጠረዥ እንዳለ መጣ። ውጤቱ የተቀመጠው ካርዱ ላይ ሳይሆን ማዘርቦርዱ ላይ በተሰካው ማከማቻ ውስጥ ኖሯል።

«አልሐምዱሊላህ» አሉ ሐጂ። እዚያው አግዳሚው ላይ አንድ ሙሉ ግጥሚያ ተጫወቱ። አልጋለም፣ አልጠፋምም። ሦስት ለባዶ ተሸነፉ።

«ከእንግዲህ በማሽኑ ማሳበብ ቀረ» አሉኝ ጋሽ ታምራት በጆሮዬ።

ሐጂ ሰምተዋል። «የሚቀጥለውን ቤቴ እጫወታለሁ» ብለው ዕቃቸውን በፎጣው ጠቅልለው ወጡ።

ይህን ሥራ ለምትጀምሩ፦ ክዳን ከመክፈታችሁ በፊት ሚሞሪ ካርዱን አውጡ። ከሰበራችሁም ደንበኛው ሳይጠይቃችሁ ንገሩት።