የሁለት ሴኮንድ ፍለጋ

አስካለች አምቦ ውስጥ በአንድ የመሬት ጽሕፈት ቤት የመዝገብ ሠራተኛ ነበረች። ባለጉዳይ ስሙን ተናግሮ ሳይጨርስ ፋይሉን ከመደርደሪያው መዥረጥ አድርጋ ስታወጣ ያየ ሁሉ ያደንቃት ነበር። በ1995 ኮምፒውተር መጣና ይህን ሙያዋን ቀማት። ቃለ ጉባኤው ሁሉ እዚያ ውስጥ ይታጨቅ ጀመር፤ ወረቀቱ ጣሪያው በሚያፈስ መጋዘን ተጥሎ በሰበሰ። የተቆረቆረለትም አልነበረም።

ነገር የተበላሸው በሚሊኒየሙ ሰሞን ነው። ኃላፊው ኦቦ አሰፋ ከኮምፒውተሩ በወጣ ደብዳቤ ላይ 2007 የሚል ቀን ታትሞ አዩና፣ "እኛ 2000ን ልንቀበል ድንኳን ተክለናል፤ ይሄ ሣጥን የማን አገር ነው?" ብለው ጮኹ። አስካለች የኮምፒውተሩን ቀን ወደ እኛ አቆጣጠር ቀየረችው። ተመሰገነች፤ ከዚያ በኋላ ነገሩን ረሳችው።

በ2003 ሃዋኒ መጣች። የደንዲ ገበሬ ናት። ባሏ ሞሲሳ ከሞተ ወዲህ ወንድሙ ነጋሳ ማሳዋን ገብቶ አርሶባታል። መሬቱ በባልና ሚስት ስም መለካቱን የሚመሰክረው የ2001 ቃለ ጉባኤ ብቻ ነው፤ እሱን እስከ ዓርብ ለጊንጪ ፍርድ ቤት ካላቀረበች ማሳው ለነጋሳ ሊጸናለት ነው።

አስካለች የሃዋኒን ስም ጽፋ ኮምፒውተሩን "ፈልግ" አለችው። ኮምፒውተሩ ፋይል በፋይል እየዳበሰ ተንቀራፈፈ። ዐርባ ደቂቃ ሄዶ ሳይጨርስ መብራት ጠፋ። ሲመጣ እንደገና ከሀ። ሃዋኒ ከጊንጪ በአውቶቡስ እየተመላለሰች ሦስት ቀን አግዳሚው ላይ ዋለች። አንድም ቀን አላማረረችም፤ አስካለችን አንጀቷን የበላው ይኸው ነው።

ረቡዕ ከሰዓት የኮምፒውተር ባለሙያውን ጃርሶን ለመነችው። ገና ሲከፍተው፣ "አዴ አስካሉ፣ ቀኑ ተዛብቷል" ብሎ ወደ ፈረንጁ 2011 መለሰው። ቀጥሎም፣ "ዲስኩ ሞልቶ ታፍኗል። በፈረንጅ ከ2006 በፊት የሆነውን አጥፊ፣ ፍለጋው ይፈጥናል። የጠፋው ፋይል የሚጠራቀምበትን ቅርጫትም ባዶ ማድረግ እንዳትረሺ" አላት። ኦቦ አሰፋም ፈቀዱ።

ሐሙስ ጠዋት ፋይሎቹን በየቀናቸው ደረደረቻቸው። 2000፣ 2001፣ 2002 የሚሉት ተግተልትለው ወጡ። በፈረንጅ 2001 የእኛ 1993 መሆኑ ነው፣ ያረጀ ነገር፣ ብላ አሰበች። በ1993 ቢሮው ኮምፒውተር የሚባል ነገር እንዳልነበረው ልብ አላለችም። እንዴት ልብ ትበል? ዓይኗ በር በሩን ነበር የሚያየው፣ የጊንጪ አውቶቡስ የሚደርስበት ሰዓት ነው። ሁሉንም አጠፋች። ቅርጫቱንም ባዶ አደረገች።

ሃዋኒ ደርሳ ቦታዋ ላይ ተቀመጠች። አስካለች ስሟን ጽፋ ነካ አደረገችው። በሁለት ሴኮንድ መለሰ፦ ምንም አልተገኘም። የሞሲሳን ስም ጻፈች። ሁለት ሴኮንድ። የቀበሌውን ስም ጻፈች። ሁለት ሴኮንድ። ያን ጊዜ የሚሊኒየሙ ድንኳን ትዝ አላት፤ ያጠፋችው 2001 የፈረንጅ ሳይሆን የእኛው ነበር። ጃርሶ ጋ ደወለች። "ቅርጫቱንም ባዶ አድርገሽዋል? እንግዲያው አለቀ" አላት።

ሃዋኒ ፊቷ በርቶ ተነሣች። "ዛሬስ እንዴት ፈጠነ! አርገሜ? ተገኘ አይደል?"

አስካለች መዋሸት ትችል ነበር። ዲስኩን፣ መብራቱን፣ ጃርሶን ማሳበብ ትችል ነበር። ምላሷ እንቢ አለ።

"አጠፋሁት፣ ሃዋኒ። ቶሎ ላገኝልሽ ብዬ በገዛ እጄ አጠፋሁት።"

ሃዋኒ አልጮኸችም። ነጠላዋን አስተካከለችና፣ "እኔ መቼ ቸኮልኩ?" አለች። "ቁጭ ብዬ እየጠበቅሁ አልነበረም?"

ዓርብ አስካለች ራሷ ጊንጪ ወርዳ ዳኛው ፊት ቆመች፤ የሠራችውን ጥፋት ስትናገር ሰሟት፣ ማስረጃ ግን ወረቀት ነው አሏት። ማሳው ለነጋሳ ጸና።

በዓመቱ መጨረሻ ስብሰባ ላይ ኦቦ አሰፋ ዐርባ ደቂቃ ይፈጅ የነበረው ፍለጋ በሁለት ሴኮንድ እንደሚያልቅ ሪፖርት አድርገው አጨበጨቡላት፤ ስለ ፈጣን አገልግሎቷም የምስክር ወረቀት ሰጧት። አልወስድም ስትል በመስታወት አስገብተው ቢሮዋ ግድግዳ ላይ ሰቀሉት፣ ልክ ሃዋኒ ትቀመጥበት ከነበረው አግዳሚ በላይ። ጡረታ እስክትወጣ ድረስ አስካለች ለአንድም ባለጉዳይ "ቶሎ ይደርስልሃል" ብላ አታውቅም።