ሁለት ቤት የምታድር ባቡር

ቆርቆሮ በከሰል ፍም ሲበየድ የሚወጣው፣ አፍንጫን ቆንጠጥ የሚያደርገው ሽታ ዛሬም በብረት ሠራተኞች ደጅ ሳልፍ ድንገት ሲመጣብኝ፣ እግሬ ይቆምና ሐሳቤ ጅቡቲ፣ ካርቲዬ ሁለት በሚባለው ሰፈር ወደነበረችው ቤታችን ግቢ ይገባል።

አባባ በምድር ባቡር ጥገና ቤት ብረት ቀጥቃጭ ነበር። ወዳጁ ሮብሌ ደግሞ ሶማሌ ነው፣ በሎኮሞቲቭ ላይ ከሰል ይጨምር ነበር፤ አማርኛውን ድሬዳዋ ሲመላለስ ነው የለመደው። ሁለቱም ቀኑን ሙሉ ከባቡር ጋር ውለው ባቡር አይጠግቡም ነበርና፣ ሙቀቱ በረድ በሚልባቸው ወራት ከሥራ መልስ ግቢያችን ተቀምጠው ትንሽ ባቡር ይሠሩ ነበር። አባባ ከሰርዲን ጣሳ ፉርጎ እየቆረጠ፣ የሸቀጥ ሳጥን ማሰሪያ ብረት እያቃና ሐዲድ ሲያነጥፍ፣ ሮብሌ ከተሰበረ ሰዓት ባወጣው ሞላ የምትሄድ ሎኮሞቲቭ ሠራ። ታዲያ አንድ ደንብ ነበራቸው፤ ሎኮሞቲቯ ሮብሌ ቤት ታድራለች፣ ፉርጎውና ሐዲዱ እኛ ቤት። አንዱ ያለ አንዱ እንዳይነዳ ብለው ነው። «የሰለቸው ሰው ድርሻውን ለጓደኛው ይላክና ጨዋታው ይፍረስ» ይባባሉ ነበር እየሳቁ።

«የአንተ ፉርጎ እኮ ከጨው ጭነት ይብሳል!» ይላል ሮብሌ፣ ባቡሯ ዳገቱ ላይ ስትቆም።

«ምን ታድርግ፣ እንደ ጌታዋ ጫት ካልቀመሰች አትነቃም!» ይለዋል አባባ፤ እናቴም ሳቋን በነጠላዋ ትሸፍን ነበር።

ሙቀቱ ሲገባ፣ የካምሲን ነፋስ አሸዋውን እያነሳ በየበሩ መርጨት ሲጀምር፣ አንድ ምሽት ባቡሯ ከመታጠፊያው ላይ ወደቀችና እግሯ ተጣመመ። አባባ «ሐዲዴ ምን አጠፋ? እጅህ ነው» አለው። ሮብሌ ደህና እደሩ ሳይል ሎኮሞቲቯን በብብቱ ይዞ ወጣ። ከዚያ ወዲያ አልመጣም። በሙቀቱ ጊዜ የመስመር ሠራተኞች ለሥራ ወደ ድሬዳዋ እየተላኩ ይቆዩ ስለነበር መጥፋቱን መጀመሪያ ላይ ማንም ልብ አላለውም።

አንድ ቀን የሮብሌ ልጅ ሐዋ ሎኮሞቲቯን በጨርቅ ጠቅልላ ደጃችን አኖረችና፣ አሸዋው ፊቷን እየመታት ሮጣ ሄደች። አባባ ጨርቁን ገለጠ። የተጣመመው እግር ተቃንቷል፤ አባባ ግን ‹ጨዋታው ይፍረስ› ተብሎ የተላከ ድርሻ ብቻ ነው ያየው።

«ሄደህ ብትጠይቀው ምን አለበት? ሰውዬው እኮ ከጠፋ ሰነበተ» አለችው እናቴ።

«እግር የለውም? እሱ መጥቶ በአፉ ይንገረኝ!» አለና በጎረቤት እጅ መልሶ ላከለት።

ብዙም ሳይቆይ፣ ሮብሌ በጠዋት ሞቶ እኩለ ቀን ሳይደርስ መቀበሩን ጥገና ቤት ነገሩት። ሙስሊሞች ዘንድ ሬሳ አይቆይም። አባባ የሥራ ልብሱን ሳይለውጥ መጥቶ እናቴንና እኔን ይዞ ለቅሶ ሄደ። የሮብሌ ባለቤት በሶማሊኛ የምትናገረውን ወንድሟ በአማርኛ ይመልስልን ነበር።

«ትኩሳቱ ሲጠናበት ነው የላካት። ‹እኔ እስክነሳ ቆማ እንዳትዝግ፣ ወዳጄ ይንዳት› አለ። ስትመለስበት ጊዜ ‹ተቀይሞኛል› ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።»

ስንነሳ ሴትዮዋ ሎኮሞቲቯን ለአባባ ብትዘረጋለት፣ በሁለት እጁ ተቀብሎ ጥቂት ያዛትና «እዚሁ ትደር» ብሎ መለሰላት።

ሙቀቱ አልፎ ነፋሱ ሲበርድ፣ አባባ እንደ ወትሮው ሐዲዱን ግቢው ውስጥ አንጥፎ ፉርጎዎቹን በተራ አሰልፎ አጠገባቸው ይቀመጥ ነበር። አይነካቸውም። ካምሲኑ ሲመለስ ሰብስቦ ያስገባቸዋል። በሕይወት እስካለ ድረስ በየዓመቱ እንዲሁ ያደርግ ነበር።

አሁን የልጅ ልጄ ከሱቅ የተገዛች ባቡር አለችው፤ ሎኮሞቲቯም ፉርጎውም ሐዲዱም በአንድ ካርቶን የመጡላት። ዳገቱን ሳትቆም ትወጣለች፣ ማንም አይጨቃጨቅባትም፣ ልጁም ባሰኘው ሰዓት ብቻውን ይነዳታል። «አያቴ፣ አንተም ንዳ እንጂ» ሲለኝ እነዳለሁ። ጥሩ ባቡር ናት። የማንንም መምጣት አትጠብቅም።